በቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ የነበረው

አንዲት ሴት ነበረች። ባለትዳር ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇ የሚመሰገን። እውነተኛ ስሟን አልነግራችሁም፤ ለነገራችን ያህል ትርንጎ እንበላት።

የትርንጎ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ራቃት፣ እህል አልወርድ አላት። መቀሷን ይዛ ጨርቁን እያየች ትውላለች እንጂ አትቆርጥም። ባሏ ይርዳው ጨነቀው፤ ደግነቱ ተጨንቆ አልተቀመጠም፣ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሐኪሙ በትዕግሥት አዳመጣት። ሕመምሽ ድባቴ ይባላል፤ ስንፍና አይደለም፣ የእግዚአብሔር ቁጣም አይደለም አላት። አሚትሪፕቲሊን የሚባል መድኃኒትም አዘዘላት። ምን ብሎ እንዳዘዛት አደራ ስሙልኝ፤ ከእናንተም መካከል ይህንኑ የሚውጥ ይኖራል።

ማታ ልትተኚ ስትይ ዋጪው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል። አፍሽን ያደርቀዋል፣ ውኃ አይለይሽ። ዛሬ ውጠሽ ነገ አይሻልሽም፣ ሳምንታት ይፈጃልና ታገሺ። ሲሻልሽ ደግሞ ድኛለሁ ብለሽ በራስሽ አታቋርጪ፤ የሚቀነስበትን ጊዜ እኔ እነግርሻለሁ። አንድ ማታ ብትረሺ በማግሥቱ ደርበሽ አትዋጪ። መጠጥ አይነካካሽ። ለማንም አታካፍዪ። በመጨረሻም፣ ከነስሙ፣ ከነማሸጊያው፣ የሰው እጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፈሽ አስቀምጪው፤ ይህ መድኃኒት ሲበዛ ልብ ያቆማል አላት።

ትርንጎ ታዘዘች። አንድም ማታ አላጓደለችም። ሰርግ ቤት ጠላ ሲቀርብላት ጨጓራዬን እያለች መለሰች። ሳምንታት አለፉና መቀሷ መቁረጥ ጀመረ፤ ልብስ ሊለኩ ከመጡ ሴቶች ጋርም መሳቅ ጀመረች። እግዚአብሔር ይመስገን አትሉም?

አንዲት ትእዛዝ ግን ተወች። የቷን ትሉኛላችሁ? የመጨረሻዋን።

ለምን ተወቻት? አማቷ ሊመጡ ነዋ።

የይርዳው እናት እማማ ዘርፌ በየዓመቱ ለደብሩ ንግሥ ከገጠር ይመጣሉ። ጨዋ ናቸው፣ ጸሎተኛ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ቤተ ዘመድ ዘንድ የአእምሮ መድኃኒት የዋጠ ሰው አለቀለት። ቀወሰ ይባላል። የእህት የወንድሙ ጋብቻ ሳይቀር ይበላሻል። ስለዚህ ይርዳው ሚስቱን እናቴ እንዳትሰማ ብሎ ለመናት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። ይሉኝታ ምንድን ነው? ሰው ምን ይለኛል ማለት አይደለም? ገና ያልተባለውን፣ ምናልባትም የማይባለውን ነገር ቀድሞ መፍራት አይደለም?

እናም ትርንጎ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አንድ በአንድ አውጥታ ባዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ጨመረቻቸው። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ ከስኳሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ማታ ስትውጥ እማማ ዘርፌ አዩዋትና ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ ብለው ጠየቋት። ቫይታሚን ነው እማዬ፣ አቅም ይሰጣል አለቻቸው።

አቅም ይሰጣል። ምእመናን፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ያለው ቃል ነው።

የእማማ ዘርፌ ልብ ደካማ ነው፤ ዳገት ያደክማቸዋል። ደብሩ ደግሞ ያለው ዳገት ላይ ነው። የዚያን ዓመት ምኞታቸው አንድ ነበር፤ በእግራቸው ወጥተው፣ ታቦቱ ሲዞር እልል እያሉ አብረው መዞር። በንግሡ ዕለት ማለዳ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሲፈልግ እሳቸው መደርደሪያው ዘንድ ሄዱ። ለዚህች ለወጣቷ አንድ ከበቃት፣ ለእኔ ለአሮጊቷ አንድ ምን ይሆነኛል ብለው አሰቡ። መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለው ደግሞ ራሳቸውን አጽናኑ። ጠርሙሱን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው እንደ ቆሎ ቃሙት። ውኃ ጠጡበትና በመስቀል ምልክት አማትበው ወጡ።

ቅዳሴው ሳያልቅ እማማ ዘርፌ ተንገዳገዱ። ፊታቸው ቀላ፣ ከንፈራቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ፈጦ ቀረ። የሞቱትን ባላቸውን በስም እየጠሩ በቅሎዋን ጫንካት ወይ ይሏቸው ጀመር። ዙሪያውን የቆመው ሰው ይዟቸዋል፣ ይዟቸዋል አለ። ጎረምሶች ተሸክመው ወደ ጠበሉ ሊወስዷቸው ብድግ አደረጓቸው። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ፣ እናንተም ተጠመቁ። ግን ጠበልን የሰጠን ጌታ የሚናገር አንደበትም ሰጥቶን የለም?

በዚህ መካከል የይርዳው እህት ውድነሽ እያለቀሰች፣ እማዬ እኮ ጠዋት ደህና ነበረች፣ የትርንጎን ቫይታሚን እንኳ በእፍኟ ቅማ ነው የወጣችው አለች።

ትርንጎ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱም ሰምቷል። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ዝም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ከአፏ ወጣ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ አለች። ባጃጅ ተጠራ።

ሆስፒታሉ ደረሱ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ እማማ ዘርፌን እየመረመረች ምን በሉ፣ ምን ጠጡ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ውድነሽ ፈጠን ብላ ከቫይታሚን በቀር ምንም አልወሰደችም አለች። ሐኪሟ ቫይታሚን እንዲህ አያደርግም ብላ አለፈችው። ምናልባት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ እኛ ዘንድ አይታይም፣ ወደ ትልቁ ከተማ ይሂዱ አለች። መንገዱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አምቡላንስ ተጠራ።

እስቲ በትርንጎ ቦታ ሆናችሁ ቁሙ። መተላለፊያው በባሏ ዘመዶች ተሞልቷል። አጎት አለ፣ የክርስትና አባት አለ፣ የአጎት ሚስት አለች። ብናገር ትዳሬ ፈረሰ አለች በልቧ። ዝም ብል ሰው ገደልኩ። አፏን ልትከፍት ስትል ይርዳው ክንዷን ያዝ አደረገ። ቆይ፣ እዚያ ሲደርሱ ሐኪሞቹ ይደርሱበታል አላት በሹክሹክታ። ወገኖቼ፣ የገዛ እናቱ እኮ ናቸው። ይሉኝታ ልጅን በእናቱ ላይ እስከዚህ ያስጨክናል።

ቃሬዛው መጣ። እማማ ዘርፌን ሲያነሷቸው ሰውነታቸው ተገተረ፤ እጅ እግራቸው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ይርዳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትርንጎ ክንዷን አስለቀቀችና ከቃሬዛው ፊት ቆመች።

"ቫይታሚን አይደለም" አለች። "የኔ መድኃኒት ነው። አሚትሪፕቲሊን ነው፣ ለድባቴ የምወስደው። ጠርሙሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማታ ከግማሽ በላይ ነበረው።"

አጎትየው ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

ሐኪሟ ግን የማንንም ፊት አላየችም። ቃሬዛውን መልሱት ብላ አዘዘች። የልብ ምት የሚያነበው ማሽን መጣ፣ ደረታቸው ላይ ተገጠመ። የሚያንዘፈዝፋቸውን የሚያቆም መርፌ ተሰጠ፤ መርዙን ከልባቸው ላይ የሚያላቅቅ ሌላ መድኃኒት በደም ሥራቸው ገባ። ሥራው ጋብ ሲል ወደ ትርንጎ ዞር ብላ፣ "ሳትናገሪ ቢሄዱ ኖሮ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር" አለቻት።

እማማ ዘርፌ ተረፉ። ልባቸው እስኪረጋ ድረስ ከማሽኑ ሳይለዩ ሰነበቱ። ዘመዱ ግን ሥራ አልፈታም፤ ትርንጎን በጎሪጥ ያይ ነበር፣ ለካስ እንዲህ ኖሯል ይባባል ነበር። እሷም ሻንጣዋን በልቧ ሸክፋ፣ አማቴ አፋቸውን ሲፈቱ ውጪልኝ ይሉኛል ብላ ትጠብቅ ነበር።

እማማ ዘርፌ አፋቸውን ፈቱ። ሰውን ሁሉ አስወጡና ትርንጎን አስቀሩ። ለምን ደበቅሽኝ አሏት። እርስዎን ፈርቼ ነው አለቻቸው።

"ልጄ" አሉ እማማ ዘርፌ፣ "እኔ ከሞት ይልቅ የማስፈራ ሴት ነኝ?"

ትርንጎ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ። ይርዳው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበርና ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እናትየው ግን ይቅርታህን መጀመሪያ ለሚስትህ አሉት።

ምእመናን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ደግ ብለናል። መድኃኒቱን የደበቀስ? ትርንጎ በሽታዋን ለሐኪም ነግራለች፣ መድኃኒቷንም አግኝታለች። የደበቀችው ከእኛ ነው። ከእኛ አፍ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ሁላችሁም የምትፈሩት የትርንጎን ጥፋት ነው፤ ፍሩት። መድኃኒታችሁን ከነስሙ አስቀምጡ፣ ቆልፉበት። የሐኪሙን ልክ አትለፉ፤ ሲሻላችሁ በድንገት አትጣሉ፣ ለጎረቤት ሞክሪው ብላችሁ አትስጡ። ልባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ሳትውጡት በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ከልኩ የወሰደ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ደህና ቢመስልም፣ ወተት ጋቱት ስትባባሉ ጊዜ አትግደሉ፤ አሁኑኑ ይዛችሁት ሂዱ፣ የዋጠውንም በስሙ ተናገሩ። ሐኪም የሚያክመው የነገሩትን ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። እኔን ፈርቶ መድኃኒቱን የሚደብቅ ሰው ቤቴ ውስጥ ይኖር ይሆን? ሚስትህ ትሆን? ልጅሽ ይሆን? ምራትሽ ትሆን? ቀወሰ ብለን ስንስቅ፣ ነካ ያደርገዋል ብለን ጎረቤት ስናማ፣ እዚያው ማዕድ ላይ ዝም ብሎ የሚያዳምጠን ማን ነበር?

ዛሬ ማታ እራት ስትቀመጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የሚያማችሁ፣ የምትውጡት ነገር ቢኖር ንገሩኝ፣ አልስቅም በሉ። አፍራችሁ ሳይሆን ድምፃችሁን አውጥታችሁ በሉ። አንዱ ቀና ብሎ ቢያያችሁና እውነቱን ቢነግራችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። ውኃውን ቀድታችሁ ስጡት።