በሰው ዓይን የታየ አገር

«አንድ ሰው ነበረ፤» አሉ መምህር ይርዳው።

የጠየቀቻቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪያቸው ረድኤት ናት። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ነው። ለንባብ ፕሮጀክት የደረሳትን መጽሐፍ ጠረጴዛቸው ላይ መልሳ አስቀመጠችና፣ «መምህር፣ ይህን እህቴ አምና አንብባዋለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርካልኛለች፤ ማን እንደሚሞት ሁሉ አውቃለሁ። ፕሮጀክቱንም ከእሷ በሰማሁት መጻፍ አያቅተኝም። ታዲያ እኔ ራሴ ባነበው ምን ይጨምርልኛል?» አለቻቸው። ድፍረት አልነበረም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። እሳቸውም የምራቸውን መለሱላት።

ሰውየው ሲራራ ነጋዴ ነበር። በጋውን በሙሉ ጨው ጭኖ ቡና ጭኖ፣ ከቆላ ደጋ ሲመላለስ ይባጃል። ክረምት ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ግን በቅሎዎቹን መስክ ይለቅና እቤቱ እሳት ዳር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ሥራ የሚፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህ ሰው ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ሌላ አልነበረውም። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተች አቅፎ ያሳደጋት እሱ ነው። ስታድግ ለሩቅ ደጋ፣ ጉም ከጣራ በታች ለሚያድርበት አገር ተዳረች። ወደዚያ ለመሄድ የሚሻገሩት ትልቅ ወንዝ የለም፤ ያለው ዳገት ነው። ልጅቱ በቅሎ ላይ ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ጉልበት ስማ፣ «አባቴ፣ በበጋ አልጠራዎትም፤ ንግድዎ አለ። ክረምት ክረምት ግን ይምጡልኝ» አለችው።

«እመጣለሁ» አላት።

የመጀመሪያው ክረምት ገባ። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን አየ፤ ዳገቱን አሰበ፤ ጋቢውም ሞቀው። ታማኝ አሽከሩን ጠራና፣ «አንተ ሂድልኝ። ዓይንህ ዓይኔ ነው። ያየኸውን አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ» አለው። አሽከሩ ስጦታውን ጭኖ ሄደ፤ ክረምቱን እዚያው ከርሞ አደይ ሲፈነዳ ተመለሰ።

ያን ሰሞን እሳቱ ዳር ተቀምጦ ይተርክለት ጀመር። ቤቱ ገደል አፋፍ ላይ መሆኑን፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ጉሙ እንደ ቤተ ዘመድ ዘው ብሎ እንደሚገባ፣ በጎቹ ሳይታዩ ሳላቸው ብቻ እንደሚሰማ፣ ከደጃፉ ያለው የኮሶ ዛፍ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለብቻው ሲያንጠባጥብ እንደሚውል ነገረው። ልጁ ስትስቅ ዛሬም አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ነገረው። ሴት ልጅ መውለዷንም ነገረው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ የሰማውንም ያያል። ተረኩ ሲያበቃ ከዚያ አገር ደርሶ የመጣ ያህል ድካም ድካም ይለውና ይተኛል።

በሚቀጥለው ክረምት፣ «እንዳምናው አድርግ» አለው። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አሽከሩ ጨዋ ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። የልጅ ልጁ መዳህ መጀመሯን፣ ኋላም ከአጥር ላይ ወድቃ አገጯ ላይ ጠባሳ መቅረቱን፣ ወንድም እንደተወለደላት፣ አመዶ ብላ ስም ያወጣችላት ግልገል እንዳለቻት፣ ሁሉንም አመጣለት። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሰውየው እንግዳ ሲመጣበት አሁን ራሱ ነው የሚተርከው። «በልጄ ደጃፍ አንድ ኮሶ አለ፤ ዝናቡ ቢያባራም እሱ አያባራም» ይላል። እንግዶቹ እዚያ ከርሞ የመጣ ይመስላቸዋል። እየቆየ ለራሱም እንደዚያው መሰለው።

አንድ ሕልም ይመላለስበት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። በሕልሙ ዳገቱን ይወጣል፤ ጉሙ እንደተፈለቀቀ ጥጥ ብትን እያለ መንገድ ይለቅለታል። ኮሶው ያንጠባጥባል፤ በጎቹ ይስላሉ፤ በሩ ክፍት ነው። ይገባል። ልጁ እሳት ዳር ተቀምጣለች፤ ሕፃናቱ ይጫወታሉ። ሁሉም እንደተነገረው ነው። ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። «ልጄ» ይላል፤ ድምፁ እንደ ጭስ ቤቱን ዞሮ በበሩ ይወጣል። ወደ ሕፃናቱ ጎንበስ ሲል ፊት የላቸውም። ፊት ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ የአሽከሩ ድምፅ ብቻ፣ «ዓይኗ ትልልቅ ነው፣ ጌታዬ፤ ዓይኗ ትልልቅ ነው» ይላል። ያን ጊዜ ደንግጦ ይነቃል።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲገባ አሽከሩ እንደ ልማዱ በቅሎ ሲጭን ሰውየው ጋቢውን እንደ ለበሰ ወደ ደጅ ወጣ።

«ለእኔም በቅሎ ጫንልኝ» አለው።

አሽከሩ የጀመረውን ጭነት ተወው። ከዚያ ወደ በረቱ እየሮጠ ሄደ።

ሰውየው መንገዱን ደስ እያለው ተጓዘ፤ አይቶት የማያውቀውን ሁሉ ያውቀዋልና። «ከዚህ ኩርባ በኋላ ግንድ የተጋደመባት ምንጭ አለች» ይላል፤ «አለች፣ ጌታዬ» ይላል አሽከሩ። «አሁን ጉሙ ይመጣል» ይላል፤ ጉሙም ይመጣል። በሕልሙ ውስጥ በበቅሎ የሚሄድ ያህል ነበር። ኮሶው ከጉሙ መካከል ጠቁሮ ብቅ ሲል ልቡ አላስችለው አለና ከበቅሎው ወርዶ በእግሩ ቀደመ። የኮቴውን ድምፅ የሰሙ ሁለት ሕፃናት ከቤት ተፈትልከው ወጡ። «አባባ! አባባ መጣ!» እያሉ ይጮሃሉ።

ሰውየው እጆቹን ዘረጋ።

ሕፃናቱ አንዷ በግራው፣ አንዱ በቀኙ አልፈውት ሮጡ። ከኋላ በመጣው አሽከር ጉልበት ላይ ተጠመጠሙ።

አሽከሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ኧረ እኔ አይደለሁም! ስንቴ ነግሬያችኋለሁ? አያታችሁ እኚያ ናቸው» እያለ ወደ ፊት ሊገፋቸው ታገለ። ትልቋ ከአሽከሩ ጋቢ ሥር ተሸሸገችና በአንድ ዓይኗ አሾልካ ሽማግሌውን አየች።

«እኚህማ እንግዳ ናቸው» አለች።

ጫጫታውን ሰምታ ልጁ ወጣች። አባቷን ስታይ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «መጡ?» አለች። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ልቅሶው የደስታ ብቻ እንዳልሆነ ገባው።

አመሻሹ ላይ የልጅ ልጁን ሊያቀርባት ፈለገ። «እኔ እኮ አውቅሻለሁ» አላት። «አገጭሽ ላይ ያለው ጠባሳ ከአጥር ወድቀሽ ነው። ግልገልሽንም አመዶ ነው የምትያት።»

ልጅቱ በመገረም አየችው። «ማን ነገረዎት?» አለችው።

ስንት እንግዳ አፉን ከፍቶ የሰማው ሰው በአንዲት ሕፃን ጥያቄ ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

በማግስቱ አሽከሩን ወደ ጓሮ ጠርቶ፣ «የደበቅኸኝ ነገር አለ?» ሲል ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ አፌ የቻለውን ሁሉ ነግሬዎታለሁ። አፍ የማይችለው ግን ወድጄ ሳይሆን ከእኔው ዘንድ ቀረ።»

ሊቆጣው ምክንያት ፈለገ፤ አላገኘም። «እንግዲያው ዘንድሮ ቤቱን አንተ ጠብቅልኝ፤ እኔ እዚህ እከርማለሁ» ብሎ መለሰው።

ቀላል እንዳይመስልሽ። አሽከሩ ሲሄድ ሕፃናቱ አለቀሱ፤ ያስሄደባቸውንም ሽማግሌ አኮረፉት። ዝናቡ አላባራ አለ። ብርዱ አጥንቱ ገባ። በተረክ ሲሰማው ያስደስተው የነበረው ጉም አሁን ልብሱን እያረጠበ አስመረረው። ሰለቸው። ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ መመለስ አማረው፤ ልጁን ሲያይ እያፈረ ቀረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። የሳር ክዳኑን ሲደበድበው ልጅቱ ደነገጠች፤ እናቷ በረት ነበረችና በቅርብ ያገኘችው ሰው እሱ ሆነ። ጋቢው ውስጥ ገብታ ተወሸቀች። በረዶው ሲቆም እሷ ክንዱ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ፀጉሯ ጭስና የተቆላ ገብስ ይሸታል። አሽከሩ ይህን አልነገረውም፤ እንዴትስ ይነግረዋል? ክንዱ ደነዘዘ፤ አላንቀሳቀሰውም። ክፍት በሆነው በር ጉሙ በቀስታ እየገባ ቤቱን ሞላው፤ እሳቱ ብቻ እንደ ሩቅ መብራት ቀላ ብሎ ይታያል። ሰውየው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ለራሱም አልለይ አለው። ሕልም ነው እንዳይል፣ የሕፃኗ ትንፋሽ ደረቱን ያሞቀዋል። ኋላ ስትነቃ ቀና አለችና ፊቱን አየች፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«አባባ፣ በረዶው ሄደ?» አለችው።

ሰውየው ከዚያ ወዲያ አንድም ክረምት አልቀረም። ያለፉትን ክረምቶች ግን የሚመልስለት አላገኘም።

እዚህ ላይ መምህር ይርዳው ወደ ረድኤት ዞሩ።

«ያ አገር ይህ መጽሐፍ ነው፣ ልጄ። አሽከሩ እህትሽ ናት። አልዋሸችሽም፤ አፏ የቻለውን ሁሉ አምጥታልሻለች። እሷ የተረከችልሽን ብትጽፊ ደህና ማርክ ታገኚ ይሆናል፤ እኔም ላላውቅብሽ እችላለሁ። ነገር ግን በዚያ ቤት ያሉት ሰዎች የሚያውቁት እህትሽን ነው። አንቺን ገና አላዩሽም። ሄደሽ ታሪካቸውን ብትዘረዝሪላቸው እንኳ ‹ማን ነገረሽ?› ነው የሚሉሽ።»

ረድኤት የመጽሐፉን ጠርዝ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። «መሃል ላይ ቢሰለቸኝስ?»

«ይሰለችሻል። እሱም ሰልችቶት የለ? በረዶው እስኪወርድ ቆዪ።»

መጽሐፉን አንስተው እጇ ላይ አኖሩላት።

«መስከረም ላይ ስትመጪ የታሪኩን መጨረሻ አትንገሪኝ፤ እሱን እህትሽም ትነግረኛለች። ከዚያ ቤት ማን ሮጦ እንደወጣልሽ ንገሪኝ። ፕሮጀክትሽ እሱ ነው።»