ግድግዳውን የፋቀው ምስክር

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ አታቋርጪኝ፤ ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። የመሥሪያ ቤትሽ ሐላፊ፣ የወንዝ ዳር ገበሬዎችን ይዞታ የሚያሳየውን የድሮ ካርታ ከመዝገብ ቤት አውጥተሽ ስጪኝ ብሎሻል። የቡድን መሪ አደርግሻለሁም ብሎሻል። አንቺ ደግሞ «ጋሼ፣ እውነቱን እኔ አውቀው የለም ወይ? ነገር ከመጣ ቆሜ እመሰክራለሁ፤ ታዲያ አንድ ወረቀት ወጥቶ ቢቀር ምን ጉዳት አለው?» አልሽኝ። መልሴን ከፈለግሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ፤ ካልፈለግሽም በሩ ያውልሽ።

ጠራቢው ሚናስ ይባላል፤ አርመን ነው። ታሪኩን የነገረኝ ሙሴ ጋራቤት ነው፤ እኔን ከቀን ሠራተኛነት አንሥቶ ግንበኛ ያደረገኝ፣ ግንብ ተጣሞ ካየ ምሳውን የማይበላ አርመናዊ ተቋራጭ ነበር። እውነት ነው ወይስ ተረት ብዬ አልጠየቅሁትም። አንቺም አትጠይቂኝ።

በአርመኖቹ አገር፣ በአንድ ትልቅ ገደል ሥር፣ ግማሹ ከአለት የተፈለፈለ ግማሹ በድንጋይ የተገነባ ገዳም አለ። መጀመሪያ ዋሻ ነበረ፤ በዋሻው ውስጥ ምንጭ ይፈልቃል። ለምንጩ ብለው የመጡ መነኮሳት አለቱን ከላይ ቀዳዳ ከፍተው ወደ ታች እየፈለፈሉ መቅደስ አወጡለት። ከላይ ወደ ታች ነው የምልሽ! እንዲህ ያለ ሥራ ስሕተት አይወድም፤ የቆረጥሽውን ድንጋይ መልሰሽ አትለጥፊውም። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ እስከ ዛሬ መስኮታቸው ናት፤ ብርሃን የሚወርደው በእሷ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከዋሻው ፊት ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ገነቡ። ድንጋዩ ቀይ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ይለሰልሳል፣ ነፋስ ሲመታው ይጠነክራል። ግድግዳውን ሁለት ገጽ አድርገው ያቆሙትና መሐሉን በኖራና በኮረት ይሞሉታል፤ ሰው የሚያደንቀው የውጩን ጥርብ ነው፣ ቤቱን የሚሸከመው ግን የመሐሉ ሙሌት ነው። ጉልላቱ ክብ አንገት ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ እንደ ጦር ይሾላል። ጠላት ሁለት ጊዜ አቃጥሎታል፣ ሁለት ጊዜ ጠግነውታል።

አሁን ነገሩ ያለበትን ልንገርሽ። እነዚያ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ለገዳም መሬት የሰጠ፣ ውሃ የሰጠ፣ እርቅ ያወረደ፣ ቃሉን በብራና አይጽፍም፤ ብራና ይቃጠላል። በግድግዳው ላይ ያስቀርጸዋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እርግማን አለ፤ ይህን ቃል የሰረዘ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች ቃል የተወገዘ ይሁን ይላል። እኛም እንደዚሁ እናወግዛለን፣ አባቶቹን ታውቂያቸዋለሽ። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የአገሩ መዝገብ ቤት ነው ማለት ነው።

በደቡብ በኩል፣ ከበሩ አጠገብ፣ ዐሥራ አምስት መስመር ጽሑፍ ነበረ። ልጆቿ በጦርነት ያለቁባት አንዲት ወይዘሮ ያስቀረጸችው ነው። የምንጩ ውሃ በየሳምንቱ ሦስት ቀን ለገዳሙ፣ አራት ቀን ለታችኛው መንደር ይውረድ ይላል። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ የመንደሩ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ አንድ መነኩሴ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከዚያ ቦዩ ይከፈታል። ካልተነበበ አይከፈትም። የታችኛው መንደር ኑሮ ኮክ ነው፤ ውሃ ከሌለ ኮክ የለም፣ ኮክ ከሌለ መንደር የለም።

ሚናስ ይህን ጽሑፍ በቃሉ ያውቀዋል። ፊደል የቆጠረው ፊደል ስለሚቀርጽ ነው። ደግሞም አንዲት ልጁ ሹሻን የተዳረችው እዚያው ታችኛው መንደር ነው፤ የልጅ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ኮክ ነው። ስለዚህ ነገሩ አልገባውም ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል።

አንድ ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ጉልላቱን ሰነጠቀው። አዲስ የተሾመ መስፍን ነበረና፣ እኔ አስጠግነዋለሁ አለ። አስጠገነውም፤ ሐቁን እንናገር፣ ሚናስና ጓደኞቹ ሁለት በጋ ሠርተው እንደ አዲስ አቆሙት። ሥራው ሲያልቅ መስፍኑ የራሱን ጽሑፍ ማስቀረጽ ፈለገ። አበ ምኔቱ ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ አየና የመረጠው የደቡቡን ሆነ። ፀሐይ የሚመታው እሱ ነው፣ ገቢ ወጪው የሚያየውም እሱን ነው።

ሚናስ፣ አባታችን፣ እዚያ ላይ እኮ የውሃው ቃል አለ አለ። አበ ምኔቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለሚናስ በቀለለው ነበር። ሳቀ። ይህን ቃል የማያውቅ አለ ወይ አለው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ አንተ ታውቀዋለህ፣ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፣ ወደፊት በቃል እንለዋለን። ቀጥሎም የመስፍኑ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «የሠራው ሚናስ ነው» የሚል እንዲገባ መስፍኑን አስፈቅጃለሁ አለው። ውሃ የሚወስደው እያሳሳቀ ነው።

ይህን ስም ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ጠራቢ በዚያ አገር ስሙን አይጽፍም። ድንጋዩ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት፣ ጭረት ነገር፣ ያኖራል፤ እሷም የቀን ሥራው እንዲታወቅ እንጂ ለክብር አይደለም። የሚናስ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ያንን ሁሉ ጉልላት አቁመው በጭረት ነው ያለፉት። እሱ ግን በፊደል፣ በሙሉ ስሙ፣ ከመስፍን ስም ሥር ሊጻፍ ነው። እኔም ግንበኛ ነኝ፤ በእጄ ከቆሙት ቤቶች አንዱም ላይ ስሜ የለም። ስለዚህ አልፈርድበትም ማለት እፈልግ ነበር። ግን እፈርድበታለሁ።

ሦስት ቀን ሲያመነታ ቆየ። በአራተኛው ቀን መሮውን ስሎ ወጣ። ወይዘሮዋ ያስቀረጸችውን፣ አንድ ሰው ወር ሙሉ ያጎነበሰበትን ዐሥራ አምስት መስመር፣ ከጥዋት እስከ ምሳ ሰዓት ፋቀው። ከእርግማኑ ሲደርስ ትንሽ ቆመ አሉ። ግራ ቀኙን አየ፣ ማንም የለም። ፋቀው። ከፊቱ ላይ ቀዩን አቧራ በእጅጌው ጠረገና ምሳውን በላ።

ሹሻን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ልጁ ነችና አባቷን መቆጣት አልቻለችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ የውሃችንን ቃል ለምን ነካኸው?» አለችው።

«እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል?» አላት። «ቃሉ ከዚህ ከጭንቅላቴ የት ይሄዳል? ጽሑፉ እኮ እኔ ነኝ።»

እሷም አመነችው። አባቷ አይደል?

የመስፍኑን ጽሑፍ አሳምሮ ቀረጸው። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ነገር አልሠራም አሉ፤ እንደ ወይን ሐረግ የተጠላለፈ ጌጥ ዙሪያውን አደረገለት፣ ከሥሩም ስሙን። አበ ምኔቱም ቃሉን ጠበቀ። በረዶው ሲቀልጥ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፣ አበ ምኔቱ ከግድግዳው ፊት ቆሞ የውሃውን ቃል በቃሉ ይለዋል፣ ቦዩ ይከፈታል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሚናስም ታዲያ ምን ጎደለ እያለ ራሱን ያጽናና ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሻል ይሄ ነው።

በስምንተኛው ዓመት አበ ምኔቱ ሞተ። በምትኩ የተሾመው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነው። ወፍጮ ተከለ፣ የገዳሙን አትክልት አሰፋ። ዝናም የቀረበት ዓመት መጣና ውሃው ለገዳሙም አልበቃ አለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ሲመጡ፣ የምን አራት ቀን ነው የምትሉኝ አላቸው፤ ቃሉ የታለ? አሳዩኝ። ወደ ደቡቡ ግድግዳ ይዘውት ሄዱ። አነበበው። ስለ ጉልላት ይላል፣ ስለ መስፍኑ ቸርነት ይላል፣ ስለ ውሃ አንድ ቃል የለበትም።

ነገሩ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ዳኛው ከመቅደሱ ፊት ባለው ባለ አራት ዓምድ አዳራሽ ተቀመጠ፤ ያገሩ ሰው ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አልሠጉም፣ ምክንያቱም ሚናስ አለ። ሚናስ ተጠራ። ሸምግሏል፣ ነገር ግን አንዲት ፊደል አልሳተም። ዐሥራ አምስቱን መስመር ከነእርግማኑ በቃሉ ዘረዘረላቸው። የወይዘሮዋን ስም፣ የልጆቿን ስም፣ ሦስቱን ቀን፣ አራቱን ቀን። ሹሻን ከሴቶቹ መሐል ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀልኝ ብላ ነው።

ዳኛው ጉቦኛ አልነበረም። በጥሞና ሰማውና ይህን ጽሑፍ ማን ፋቀው ብሎ ጠየቀ። እኔ አለ ሚናስ። ማን አዘዘህ ቢለው፣ ያዘዘኝ ሞቷል አለ። ስትፍቀው ቃሉ እውነተኛ መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ? አዎ፣ አውቅ ነበር።

ዳኛውም እንዲህ አለ፦ «ሰውዬ፣ የምትለው እውነት ከሆነ፣ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች ቃል የተወገዝህ ነህ፤ የተወገዘ ሰው ምስክርነት አይሰማም። የምትለው ሐሰት ከሆነ ደግሞ ሐሰተኛ ነህ፤ የሐሰተኛም አይሰማም። በየትኛው ልስማህ?»

የመንደሩ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ ሲነበብ ሰምተናል፣ እናውቃለን አሉ፤ ዳኛው ግን እናንተ ባለጉዳዮች ናችሁ፣ ለራሳችሁ ነው የምትመሰክሩት አላቸው። ከድንጋዩ ሌላ ገለልተኛ ምስክር አልነበራቸውም። ውሃው ለገዳሙ ተፈረደ።

ኮኩ በሁለት ዓመት ደረቀ። ሰዉም አንድ በአንድ ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። ሹሻንና ባሏ ከመጨረሻዎቹ ነበሩ። ዕቃቸውን በአህያ ጭነው በገዳሙ ሥር ሲያልፉ አባቷ መንገድ ላይ ጠበቃት። ይቅር በይኝ ሊላት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነው ያደረው። እሷ ግን ቀና ብላ የደቡቡን ግድግዳ አየች። ፀሐይ መትቶት ነበር።

«አባዬ፣» አለችው፣ «ስምህ ግን ያምራል።»

ከዚያ አህያዋን ነድታ ሄደች። ሚናስ በማግሥቱ መሮውን ይዞ ስሙን ሊፍቅ መጣ፤ መነኮሳቱ ከለከሉት፣ የገዳም ግድግዳ አይነካም ብለው። አሁን አይነካም አሉ! እሱ ሞቷል፣ ስሙ ግን እዚያው አለ። ምእመናን ሲሳለሙ እጃቸውን ያስነኩታል፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ነፍሱን ይማረው ይላሉ።

ስሚ ልጄ። ያ ግድግዳ ያንቺ መዝገብ ቤት ነው። ወንዝ ዳር ያሉት ገበሬዎች የታችኛው መንደር ናቸው። አንቺ ደግሞ ሚናስ ነሽ፤ ደግ ነሽ፣ አዋቂ ነሽ፣ እመሰክራለሁ ያልሽውም ከልብሽ ነው። እሱም ከልቡ ነበር። ነገር ግን ዳኛ ፊት ስትቆሚ መጀመሪያ የምትጠየቂው ካርታው ምን ይል ነበር ተብለሽ አይደለም፤ ማን አወጣው ተብለሽ ነው። እኔ ካልሽ በኋላ የምትናገሪው እውነት ሁሉ በራስሽ ላይ የቀረበ ክስ ነው፤ ለገበሬዎቹ አንዲት ክንድ መሬት አያተርፍላቸውም። ሰው ምስክር የሚሆነው እጁን ባላስገባበት ነገር ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐላፊሽ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ አለው። ካርታው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ያውቃል። እጅም አለው፣ ሁለት። ታዲያ ራሱ ለምን አያወጣውም?