ድንቡሼ ማሰሮና የማይሄደው እንግዳ

ተቀመጡ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚያስለው ካለ አሁኑኑ ስሎ ይጨርስ። ይቺ ተረት የትንፋሽ ተረት ናት፣ መሃል ላይ ከተሳለባት ትቀየማለች።

ሸክላም፣ ኤሊም፣ ሰውም በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት በዚያ ዘመን፣ ጭጋግ በማይጠፋበት አንድ የደጋ መንደር ውስጥ ድንቡሼ የምትባል የእንፋሎት ማሰሮ ነበረች። ሆዷ ክብ፣ አንገቷ አጭር ስለሆነ ነው ድንቡሼ ያሏት። ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች። ከሥሯ ትንሽ የከሰል ምድጃ አለች፤ ሆዷ ውስጥ ውሃ፣ ከውሃው በላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ ደግሞ ዳማከሴና ጦስኝ። ክዳኗ ላይ ረጅም ሸምበቆ ተሰክቷል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ በቅጠሉ መሃል ያልፍና በሸምበቆው በኩል ለዘብ ብሎ ይወጣል፤ ደረቱ የተዘጋበት ሰው ይስበዋል። ስቦ ስቦ ሲበቃው «እፎይ» ይላል። የድንቡሼ ደሞዝ ይቺ ቃል ነበረች። ሌላ ምንም አትፈልግም።

የመጀመሪያ እመቤቷ እመት ውቢት ይባሉ ነበር፤ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። የመድኃኒት ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፣ ምስጢር ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ ሰው አያይም፣ ሲቀመምም ሰው አያይም፤ ከታየ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። እመት ውቢት ግን ከሁሉም ባሱና ማሰሮ ማጠቡን ጭምር ምስጢር አደረጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ የእህታቸውን ልጅ አልጋነሽን ገበያ ይሰዳሉ። መንደሩ ጭር ሲል ድንቡሼን አቅፈው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ያጥቧታል፣ ሸምበቆውን ይጠርጋሉ፣ ወንፊቱን ያራግፋሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደፏታል። አልጋነሽ ሽንኩርቷን ተሸክማ ስትመለስ ድንቡሼ እንደ ወትሮው ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ይህን ለማንም እንዳትናገር እመት ውቢት ማሰሮዋን አስምለዋታል። ድንቡሼም «ብናገር ሸክላነቴ ይሰንጠቅ» ብላ ምላለች።

አንድ ቀን እመት ውቢት ድንገት ምላሳቸው ተያዘ። አልጋነሽ አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። እሳቸው መናገር ቢያቅታቸው እጃቸውን አንሥተው በመስኮቱ ወደ ጓሮ ጠቆሙ። አልጋነሽ ዞር ብላ ብታይ ድንጋዩ ላይ ኤሊ ፀሐይ ትሞቃለች። አክስቴ ኤሊዋን አደራ እያሉኝ ነው አለች። «እሺ አክስቴ፣ ጎመን አይጎድልባትም» ብላ ቃል ገባችላቸው። እመት ውቢት አይደለም ለማለት ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፣ ደግመው ጠቆሙ፤ ከዚያ እጃቸው ወደቀ፣ ዐረፉም።

አልጋነሽ ቃሏን ጠበቀች። ድፍን አምስት ዓመት ኤሊዋን ጎመን አበላች። ማሰሮዋን ግን ጠብታ ውሃ አላስነካቻትም። የአክስቴ እጅ ያረፈባት ዕቃ ናት፣ ባጥባት ኃይሏ ይሄዳል ብላ ፈራች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ፣ ሄደ። ድንቡሼን ያጠባት የለም። በማግሥቱ ከሸምበቆው ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ተለጥፋ አየች። የጤፍ ፍሬ አታክልም።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለ ነጠብጣቡ። «ዝፍት እባላለሁ። አንድ ቀን ብቻ አሳድሪኝ።»

በዚያ አገር የእግዜር እንግዳ ነኝ ያለን ሰው ማን ይመልሳል? ድንቡሼም እደር አለችው። በሁለተኛው ቀን እግሬን አመመኝ አለ። በሦስተኛው ቀን ወንድሞቼ መጥተዋል አለ። ወሩ ሲያልቅ ዝፍት ሸምበቆውን በውስጥ ለብሶ ወደ ክዳኑ ወርዶ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ወንፊቱ ላይ አልጋውን ዘርግቶ ተኛ። ድንቡሼ መቼ ነው የምትሄደው ስትለው ይስቃል። እኔ እኮ የመድኃኒቱ ፍሬ ነገር ነኝ፣ እኔ ከሄድኩ አንቺ ተራ ጭቃ ነሽ ይላታል። ይህን ደጋግማ ስትሰማ ድንቡሼም ማመን ጀመረች።

በአምስተኛው ዓመት ክረምቱ በረታ። አልጋነሽ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ የሚዘጋ ሴት ናት። አንድ ቀን ድንቡሼን ጥዳ ብትስብ እንፋሎቱ ቀጠነባት፤ የተቃጠለ ነገር ሸተታት።

«ምነው ድንቡሼ፣ ምን ሆነሻል?» አለቻት።

ድንቡሼ አፏን ሳትከፍት ዝፍት ከሆዷ ውስጥ ሆኖ መለሰ። «ቅጠል ጨምሪ።»

አልጋነሽ ጨመረች። እንፋሎቱ ግን ቀነሰ።

በማግሥቱ አልጋነሽ ስታስል ዋለች። ድንቡሼን ጣደቻት፣ ሳበች፣ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። ዝፍት አሁንም ቀደመ። «እሳት ጨምሪ።»

አልጋነሽ ጨመረች። እንፋሎቱ ግን ቀነሰ። ቅጠሉ አረረ፣ የድንቡሼ ቂጥ ቀላ፣ ወንፊቱም ጀርባዬ ጎበጠ እያለ ማልቀስ ያዘ። ድንቡሼ ያንን ቀን በጭንቅ አሳለፈችው። ጓሮ ያለውን ድንጋይ አሰበች፣ ቀዝቃዛውን ውሃ አሰበች፣ መሐላዋንም አሰበች። አልጋነሽን ትወዳታለች። ብናገር መድኃኒቱ ይረክሳል፣ እኔም እሰነጠቃለሁ ብላ ዝም አለች። ዝፍትም ጎሽ፣ ጨዋ ማሰሮ እንዲህ ነው ብሎ አሞገሳት።

በሦስተኛው ቀን አልጋነሽ ከአልጋዋ ወደ ጠረጴዛው ግድግዳ ተደግፋ መጣች። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ጥያቄዋን እንኳ አልጨረሰችም።

«በርትተሽ ሳቢ» አለ ዝፍት።

አልጋነሽ በርትታ ሳበች። ከሸምበቆው ውስጥ አንድ ጥቁር ጓል ተስፈንጥሮ ጉሮሮዋ ውስጥ ገባ። ትን አላት። ወንበሩ ተገለበጠ፣ እሷም ወደቀች።

ጎረቤቷ ባይለየኝ ሸማኔ ነው። የወንበሩን ድምፅ ሲሰማ መወርወሪያውን ጥሎ ሮጠ። ደግፎ አስቀመጣት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ጓሉ ወጣ። ትንፋሿ ግን እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከንፈሯም አመድ መስሏል። ባይለየኝ ጓሉን አየ፣ ማሰሮዋን አየ።

«እትዬ፣ ይቺ ማሰሮ መድኃኒት መስጠቷን ትታለች። ነፍስሽን ነው የምትስበው። ልስበራትና ይውጣልሽ» አለ።

አልጋነሽ የአክስቷን ዕቃ አየች። እንባዋ ወረደ። መናገር ስላልቻለች ዓይኗን ጨፈነችና በእጇ ውሰዳት አለችው። ባይለየኝም ድንቡሼን ከምድጃው ላይ በጨርቅ ይዞ አነሣት።

ድንቡሼ ከፍ ብላ ስትነሣ የፈራችው ለራሷ አልነበረም። የአልጋነሽን ከንፈር ነበር የምታየው። እኔስ ልሰንጠቅ፣ እሷ ግን እንዴት ትተንፍስ አለች በሆዷ። አፏንም ከፈተች።

«እጠቡኝ» አለች። «እመት ውቢት ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቡኝ ነበር። ጓሮ፣ ድንጋዩ ላይ። አልናገርም ብዬ ምዬ ነው።»

ዝፍት ተንጫጫ። ልትሰበር ስትል የፈጠረችው ውሸት ነው አለ። ታጥቦ የሚያድን መድኃኒት የት ታውቃላችሁ አለ። አልጋነሽም ተጠራጠረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአክስቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር ማሰሮዋ ስትታጠብ አንድም ቀን አላየች።

ይህን ጊዜ ከደጃፉ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። እሜቴ ኤሊ ነበረች። የመጀመሪያውን ሳል ስትሰማ ነው ከጓሮ የተነሣችው፤ ደጃፍ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጀባት። መንገዱ ላይ ጎመን ነበረ፣ እውነቱን ለመናገር።

«ማሰሮዋ አልዋሸችም» አለች እሜቴ ኤሊ። «እኔ አላስማሉኝም። ኤሊ ደግሞ ማን ይቆጥራታል። አንቺ ሽንኩርት ስትመርጪ እሳቸው ያጥቡ ነበር። ያን ዕለትም ጣታቸው የጠቆመው እኔን አልነበረም ልጄ። የተቀመጥኩበትን ድንጋይ ነው። አምስት ዓመት ዝም ያልኩት ጎመኑ ስለጣፈጠኝ ነውና ይቅር በይኝ።»

አልጋነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። አክስቷ ራሳቸውን ለምን እንደነቀነቁ፣ ለምን ደግመው እንደጠቆሙ ገባት። ባይለየኝን ክንዱን ያዘችና ወደ ጓሮ አመለከተችው።

ዝናቡ ለጥቂት አባርቶ ነበር። ባይለየኝ ድንቡሼን ድንጋዩ ላይ አስቀመጣት። አልጋነሽ በነጠላዋ ተጠቅልላ አጠገቧ ተቀመጠች። የመንደሩ ሰውም በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ መጣ። እኔ ያላጠብኩት የለም ብሎ ገባ። ዝፍት ጀርባውን ሰጠው፣ ውሃው እንደገባ ወጣ። ቀጥሎ ጨው መጣ። ብዙ አይናገርም፣ እፍቅሃለሁ ብቻ አለ። ሸምበቆው ጠባብ ነውና ደጃፉ ላይ ቀረ። በሦስተኛው ባይለየኝ ቤቱ ሄደና ከመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዞ መጣ። ለጉንፋን ነው ያስቀመጥኩት አለ፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። አረቄ እየዘፈነ ገባ። ዝፍት ጭንቅላቱ ዞረ፣ ለሰስ አለ፣ ግን አልተነቃነቀም።

«ለየብቻ የላክናቸው እኮ እኛ ነን» አለች እሜቴ ኤሊ። «እመት ውቢት አንድ ላይ ነበር የሚልኳቸው።»

ወንፊቱንና ሸምበቆውን አረቄ ውስጥ ነከሯቸው። ጨው ጨመሩበት። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠበቁ፤ ባይለየኝ የጠርሙሱን ትራፊ እያየ ሲጠብቅ እሜቴ ኤሊ እሱን እያየች ጠበቀች። በመጨረሻ አንድ ረጅም የዶሮ ላባ ሸምበቆው ውስጥ አስገብተው ወዲያና ወዲህ አሉት። ላባው ይኮረኩራል። ዝፍት ሳቀ፣ ሲስቅ ለቀቀ፣ ሲለቅ ወረደ። ክዳኑንና የድንቡሼን አንገት በአረቄ በራሰ ጨርቅ አበሱ። ውሃው ሁሉንም ጠርጎ ቦዩ ውስጥ ጣለው።

«እመለሳለሁ» አለ ዝፍት እየሄደ።

«ና» አለችው ድንቡሼ። «ቅዳሜም ይመለሳል።»

ድንቡሼን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ብቅ ያለችው ፀሐይ ላይ ደፏት። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና መሰንጠቋን ትጠብቅ ነበር። መሐላዋን አፍርሳለች፣ ምስጢሩንም አገር ምድሩ አይቷል። ፀሐይዋ ሆዷን አሞቀቻት። ጠበቀች። ምንም አልተሰነጠቀም።

ስትደርቅ ወደ ጠረጴዛዋ መለሷት። እሜቴ ኤሊ እንዳዘዘችው መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፈሉባት፤ ያን እንፋሎት ማንም አልሳበውም፣ የአረቄው ሽታ ወጥቶ ይሂድ አሉ። ቀጥሎ ቆንጠር ያለ ዳማከሴ፣ ቆንጠር ያለ ጦስኝ። ሁለት ፍም ብቻ። አልጋነሽ ሸምበቆውን ወደ አፏ ወሰደች። በሩ ላይ የቆሙት ጎረቤቶችም ትንፋሻቸውን ያዙ።

በቀስታ ሳበች። እንደገና ሳበች። ሦስተኛ ስትስብ ትከሻዋ ወረደ፣ ከንፈሯ ላይ ደም ተመለሰ።

«እፎይ» አለች።

ድንቡሼ ይህችን ቃል ካለፈው ክረምት ወዲህ አልሰማቻትም ነበር። ውሃዋ ሆዷ ውስጥ ተንተከተከ፤ በደስታ ነው።

አልጋነሽ ድምፅዋ ሲመለስላት መጀመሪያ ማሰሮዋን አቀፈቻት። «ስለ እኔ ብለሽ ልትሰነጠቂ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። እሜቴ ኤሊን አመሰገነቻት፣ ባይለየኝንም ለአረቄው አመሰገነችው፤ እሱም በጣም ከባድ ነገር እንደሰጠ ሰው አቀረቀረ። ከዚያ ብቻዋን ጓሮ ወጥታ ድንጋዩ ላይ እጇን አሳረፈች።

«አክስቴ፣ አሁን ገባኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ አልጋነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንቡሼን በሰው ሁሉ ፊት ታጥባለች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል፣ የራሱን ማሰሮ ይዞ የሚመጣም አለ። ውሃ አድሮባት አያውቅም፤ ወንፊቱም ሲጎብጥ ይለወጣል። ዝፍት አሁንም በየሳምንቱ የእግዜር እንግዳ ነኝ እያለ ይመጣል። ይቀበሉታል፣ ቅዳሜ ይሸኙታል። እሜቴ ኤሊም ጎመኗ አልተቋረጠባትም፤ ዛሬ ግን የምትበላው ዕዳ ከፍላ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ትንፋሽ የሰጠንን ዕቃ በአፍ ማመስገን ቀላል ነው፤ እሱ የሚሰማው ግን በእጃችን ስናመሰግነው ነው። የሚያድን ነገር የምታውቁም ሳትደብቁ አሳዩ፣ ምላስ ሳይያዝ።

ተረቴን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ደጃችሁ ላይ ደፍቻታለሁ። ውሰዷት፤ ስትመልሷት ግን ንጹሕ አድርጋችሁ መልሷት።