በቆሽቷ ደዌ ስለ ተያዘችው ስለ ወለተ ጽዮን

ምእመናን ሆይ፣ ልባችሁን ሰብስባችሁ አድምጡ፤ አምላክን የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአገልጋይዋ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ አማላጅነቷ ለሚያነበውም ለሚሰማውም ጋሻ ይሁነው፤ አሜን።

ዋርካ ሜዳ በምትባል አጥቢያ ስሟ ይመኙሻል፣ የክርስትና ስሟም ወለተ ጽዮን የተባለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጥጥ ፈትላ ሰም አቅልጣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራ ነበር፤ እመቤታችንንም ፈጽማ ትወዳት ነበርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሏ ሳትደግም እህል ላትቀምስ ተስላ፣ ይህንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ጠበቀች።

በስድሳ አንድ ዓመቷም ደዌ አገኛት። መጀመሪያ ከእንብርቷ በላይ እየከበዳት ወደ ጀርባዋ ይወጋት ነበርና “ጨጓራዬ ነው” ብላ ተልባ እየጠጣች ቻለችው፤ ከዚያም እህል እንቢ አላት፣ ቀሚሷም ሰፋት፣ ገላዋን ያሳክካት ጀመር፣ የዓይኗም ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶቿም የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል ጨምቀው አመጡላት፤ ልጇ ውብርስት ግን ብርጭቆውን ተቀብላ አስቀመጠችና “እማዬ፣ ይኼ ሐኪም የሚያየው ነው” ብላ በመኪና አሳፍራ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰደቻት።

በዚያም ዶክተር ልዑልሰገድ የሚባል፣ ሆድ በመቅደድ የታወቀ ሐኪም ነበረ። ደሟን አስመረመረ፣ ሆዷንም በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን አይቶ ካበቃ በኋላ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠና እንዲህ አላት፦ “እናቴ፣ ከጨጓራዎ ጀርባ የተጋደመው ቆሽትዎ ራሱ አብጧል፤ እብጠቱም የሐሞትን መውረጃ ስለ ዘጋው ነው ዓይንዎ ቢጫ የሆነው። መልኩ ካንሰር ይመስላል። ቀደን ማውጣት ይኖርብናል፤ ሥራው ግን ከባድ ነው፤ አልደብቅዎትም።”

እሷም “ዕድሜዬን ሙሉ ቆሽቴ አረረ ስል ኖሬ፣ ለካ እውነትም ቆሽት የሚባል አለኝ?” አለች፤ ውብርስትም እያለቀሰች ሳቀች። ቀዶ ጥገናውም ለሐሙስ ተቆረጠ።

ረቡዕ ጧት ወለተ ጽዮን ተኝታ እንዳለች የረቡዕን ውዳሴ ደገመችና “እመቤቴ ሆይ፣ ብሞትም ያንቺ ነኝ፣ ብድንም ያንቺ ነኝ፤ ብቻዬን ግን አትተዪኝ” ብላ ጸለየች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። እነሆም መልኳ ከፀሐይ ይልቅ የሚያበራ ሴት ከራስጌዋ ቆመች፤ በሁለት ጣቷም ከመንጋጋዋ በታች ግራና ቀኙን ዳሰሰቻትና “ወለተ ጽዮን፣ ሐኪሙ ሆድሽን አይቷል፤ ይህን ግን አላየም፤ አሳዪው” ብላት ተሰወረች።

በነቃችም ጊዜ እጇን ወደዚያ ብትሰድ የእርግብ ዕንቁላል የሚያካክሉ ሁለት እብጠቶች አገኘች፤ ከወጡ ሰንብተዋል፣ ነገር ግን አያሟትም ነበርና ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያየችውንም ለልጇ ብትነግራት ውብርስት ደንግጣ “እማዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ ዝም በይ፤ ሐኪሙ ራሷ ዞሯል ብሎ የነገውን እንዳይሰርዝብን” አለቻት። እሷ ግን “የላከችኝን ቃል ውጬ ላስቀር? አላደርገውም” አለች።

ዶክተር ልዑልሰገድም ሌሎች ሐኪሞችን አስከትሎ በመጣ ጊዜ ሁሉን ነገረችው። ከተከተሉት አንዱ ፈገግ አለ፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አንገቷን ዳሰሰ።

“ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፣ ልጄ።”

“አፍዎስ ይደርቃል?”

“ውኃ ካላጠጣሁት ቂጣ አይወርድልኝም።”

ሐኪሙም “የነገው ይቆይ” አለ። ውብርስትም ነጠላዋን ጨብጣ “ዶክተር፣ ካንሰር ቢሆንስ? እኛ ቀን ስንቆጥር ቢበላትስ?” ብላ ጮኸች።

እሱም “ፍርሃትሽ ልክ ነው፤ አይደለም ብዬ አልምልልሽም” አላት። “ነገር ግን ካንሰር መስሎ የሚያታልል አንድ የቆሽት ሕመም አለ፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ቆሽቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲወጋው ያብጣል፤ የምራቅ ዕጢዎችንም አብሮ ያሳብጣል። ያ ከሆነ የሚያድናት ቢላ ሳይሆን ኪኒን ነው። ናሙና ሳልወስድ አልቀድዳትም።”

ከዚያም ደሟን ለሌላ ምርመራ ላከ፣ በአፏም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከእብጠቱ በመርፌ ጥቂት ወሰደ፣ በተዘጋውም መውረጃ ትንሽ ቧንቧ አኖረና ሐሞቷ መውረድ ጀመረ። ውጤቱም እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ፤ በእነዚያ ቀኖች ውብርስት እንቅልፍም ምግብም አጥታ ከሳች፤ እናቷ ግን “እሷ ጀምራዋለች፣ እሷ ትጨርሰዋለች፤ አንቺ ምሳሽን ብዪ” ትላት ነበር።

በአሥራ ሦስተኛውም ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ገባና “ካንሰር የለም፤ ያ ያልኋችሁ ሕመም ነው” አለ፤ ውብርስትም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያም ሐኪሙ ኪኒኑን አዘዘላት፣ ኪኒኑም ስኳሯን ከፍ እንዳያደርገው በየጊዜው እንድትለካ፣ መድኃኒቱንም በራሷ ፈቃድ ድንገት እንዳታቋርጥ አስጠነቀቃት፤ እሷም እንደ ቃሉ አደረገች።

ከስድስት ሳምንትም በኋላ ተመልሳ በታየች ጊዜ ዓይኗ ጠርቶ፣ ሥጋዋም ተመልሶ ነበር። ሐኪሙም የፊተኛውንና የኋለኛውን ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አየ፤ እብጠቱ ሟሽሾ ቆሽቷ እንደ ጤነኛ ሰው ቆሽት ሆኖ አገኘው፤ አማተበና “እናቴ፣ አንገትዎን ሳልዳስስ ልቀድዎት ነበር” አላት።

ወለተ ጽዮንም እጁን ይዛ ሳመችና “እሷ ተናገረች፣ አንተ ሰማህ፤ የማይሰማ ሐኪም ቢገጥመኝ ምን እሆን ነበር? የተባረክህ ሁን” አለችው። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሽቱን የታመመ ሁሉ ወደ እሱ ሲመጣ፣ ሆዱን ከማየቱ በፊት ተቀምጦ ነገሩን ሁሉ የሚሰማ ሆነ፤ በዚህም ብዙዎች ከማይገባ ቢላ ዳኑ፣ ቢላ የሚገባቸውም ሳይዘገዩ ተቀደዱ። እሷም ወደ አገሯ ተመልሳ ከቅዳሴ በኋላ ቆማ በሕዝቡ ፊት መሰከረች፤ ሴቶቹም እልል አሉ፤ ከዚያም በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በጤና ኖረች።

እናንተም ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ የተሰወረውን ደዌ የገለጠች እመቤታችን የእናንተንም ትግለጥላችሁ፤ ለታመመው መድኃኒት፣ ለሐኪሙ የሚሰማ ጆሮ፣ ለአስታማሚው ብርታት ትለምንላችሁ፤ የልጇም ምሕረት በቤታችሁ ይደር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።