ወደ ተቸነከረች መስኮት የዞሩ ቅጠሎች

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር ብላ ይህን ያጫወተችኝ ከአጥር ማዶ ያለችው ዘርፌ ናት። ዘርፌ በሰማችው ላይ አትጨምርም፤ ብትጨምርም የወጥ ጨው ያህል ነው።

ነጋዴው ከጎረቤቱ ከሸማኔው ጋር በአንድ ክንድ ወሰን ተጣላ። "የዚህን ሰውዬ ፊት ሳይ ከምውል!" ብሎ፣ ወደ ሸማኔው ግቢ የምታሳየውን መስኮት ከውስጥ በሳንቃ ጠርቅሞ በሚስማር ቸነከራት። መስኮቷ ግን የእናቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ናት፤ ክፍሉ ሌላ መስኮት የለውም። እናትየው ደግሞ አስም አለባቸው።

ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ ዕረፍት አጡ። ይገላበጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ደረታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። "ልጄ፣ አየር አጠረኝ" ይላሉ። ልጅየውም ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተው፤ እጁ ጨርቅ ይለካል፣ ጆሮው ቤት ነው።

አንድ አበባ ሻጭ "ተክል የቤት አየር ያጠራል" አለው። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! በቅቤ ቆርቆሮ፣ በሸክላ፣ በተሰበረ ባልዲ ሳይቀር ተክል አግተልትሎ አመጣ። ክፍሉ ጫካ ሆነ። ጠዋት ያጠጣል፣ ማታ ያጠጣል። ግድግዳው ወረዛ፣ ቤቱ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ፣ የእናቱ ሳል ባሰ። እሱ ግን "ቅጠሉ አንሶ ነው" እያለ ይጨምራል።

አንድ ቀን ቆርቆሮዎቹን እያዞረ ሲቆጣ እናቱ ሰሙት።

"ዛሬ ባዞራቸው ነገ ተመልሰው ወደዚያው! እነዚህም ለሸማኔው ወገኑ እንዴ?"

"ወዴት ነው የሚዞሩት?"

"ወደ ተቸነከረችው መስኮት።"

"በሳንቃው ስንጥቅ ብርሃን ይገባላ! አፍ የሌለው ቅጠል እንኳ የሚሻውን አወቀ። እኔ በአፌ ስለምንህ አልሰማህም።"

"ብከፍታት ተሸነፈ ብሎ ይስቅብኛል፣ እማዬ።"

"ይሳቅ! እኔ ታፍኜ ከምሞት እሱ ስቆ ይሙት።"

ነጋዴው መዶሻ አንሥቶ ሳንቃውን ይደበድብ ጀመር። ከወዲያ ሸማኔው ጮኸ፦ "ደግሞ ምን ልትቸነክር ነው?"

"ልነቅል ነው! እናቴ ታፈነች።"

ሸማኔው ጥቂት ቆይቶ በበሩ ዞሮ ገባ፤ ጉጠት ይዟል። "በመዶሻ አይነቀልም፣ ወዲያ በል" አለው።

ቅጠል ዓይን ያሳርፋል፤ የመስኮትን ሥራ ግን አይሠራም። ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ልንቀጣ ስንዘጋ፣ የሚታፈነው ከወዲህ ያለው የገዛ ሰዋችን ነው። እስቲ እናንተስ ቤት የተቸነከረችው የትኛዋ ናት?

የአሮጊቷ ሳል ረገበ፤ አሁን መስኮቷ ሥር ይቀመጣሉ። ሁለት ቆርቆሮ ተክል እዚያው ቀረ፤ ሌላው ግቢ ወጣ። ሸማኔው ጉጠቱን ይዞ ተመለሰ። የወሰኑ ነገር ገና በሽማግሌ እጅ ነው።