የደብሪቱ የመጀመሪያ ጉርሻ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሲወፍር የሚያሙ፣ ሰው ሲከሳ የሚያለቅሱ ደጋግ ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ፣ ደብሪቱ የምትባል የሰርግ ወጥ ሠሪ ነበረች። እጇ የተመሰገነ፣ ገላዋም የሞላ ነበር። የእጇን ሙያ በሌለችበት ያወሩታል፤ የገላዋን ነገር ግን፣ ሐሜት ኃጢአት ነውና፣ በፊቷ ይነግሯት ነበር።

ሦስት የቅርብ ሰዎች ነበሯት። ታላቅ እህቷ እታለማሁ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል፣ «እቴ፣ አንቺ ከቆምሽበት ፎቶው ውስጥ ሌላ ሰው አይገባም» አለቻት። ከፍቅር ነው። ታናሽ ወንድሟ ጎሹ የአውቶቡስ ሾፌር ነበርና ልትሳፈር ስትመጣ፣ «ረዳት! ጎማውን እይልኝ፣ በርሜል መጣች!» ይል ነበር። ከጨዋታ ነው። ባሏ ይሁኔ ደግሞ ምንም አላለም። ሰርግም ለቅሶም ብቻውን መሄድ ጀመረ እንጂ ከአፉ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም።

ደብሪቱ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳነሰች። ሐኪሞቹ ከጨጓራዋ ጫፍ እንቁላል የምታህል ከረጢት ለይተው አንጀቷን ከእሷ ጋር ሰፉት። የቀረውን ጨጓራ ከሆዷ ሳያወጡ ሥራ ፈት አድርገው ተዉት። ለሰርጉ ደረሰች። ፎቶውም አማረ።

መክሳቷ ግን ከሰርጉ በኋላም አልቆመም። የዋጠችውን ሁሉ ትመልሳለች። ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ወጣ፣ እግሯ ደነዘዘ፣ የወጡ ጨው በዝቶ ይሁን አንሶ መለየት አቃታት። በሁለተኛው ዓመት ይሁኔ ከአልጋ የሚያነሳት እንደ ታጠፈ ነጠላ በክንዱ ላይ አድርጎ ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ተካልኝ ሊጠይቋት መጥተው ሲወጡ ግቢውን በእርምጃ ለኩት።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አላቸው ይሁኔ።

«ምንም። ለድንኳኑ ይበቃ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ። አርቆ አሳቢ ሰው ነበሩ።

በጥር ወር ሐኪሙ ዘመዶቿን ሰበሰበ። «የተሠራውን ማፍረስ ይቻላል» አለ። «አሮጌው ጨጓራ አሁንም አለ፤ ከከረጢቷ ጋር መልሰን እናገናኘዋለን። ነገር ግን ወይዘሮዋ በጣም ደክመዋል፤ ከቀዶ ጥገናው ላይነሱ ይችላሉ። ካልተሠሩ ደግሞ ፋሲካን አያዩም። ማን ይፈርማል?»

ዘመድ ሁሉ ወለሉን ማየት ጀመረ። በዚያች ከተማ በሽተኛ ሲሞት ከበሽታው ይልቅ የሚወቀሰው የፈረመው ሰው ነው። ይሁኔ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጎሹ «ታላቅ እያለ?» አለ።

«አምጡት» አለች እታለማሁ።

አክስቶቿ ከኋላ አጉረመረሙ። «ፊት በምላሷ አስቆረጠቻት፤ አሁን ደግሞ በእጇ ልትጨርሳት!»

«ከሞተች ገዳይ በሉኝ» አለች እታለማሁ። «ቁጭ ብዬ እያየኋት ከምታልቅብኝ ስሜ ይጥፋ።» ፈረመች። ስሟም በዚያው ቀን ጠፋ።

ደብሪቱ በባለጎማ አልጋ ተጭና ስትገፋ ቀና ለማለት ሞከረች። «ከዚህ ከተነሣሁ ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት እደግሳለሁ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያዳነኝን ሰው አጎርሳለሁ» ብላ ተሳለች። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ከስድስት ሰዓት በኋላ በአፍንጫዋ አንድ ቱቦ፣ በሆዷ ሁለት ቱቦ ይዛ ወጣች። በሕይወት ነበረች። ሐኪሙ፣ «ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም በማንኪያ። ሌላ ነገር ከቀመሰች ስፌቱ ይለቃል» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

በዘጠነኛው ቀን የዳኛው ባለቤት ወይዘሮ አያልነሽ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት ይዘው መጡ።

«በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!»

«አይቻልም እትዬ፣ ሐኪሙ…»

«አፈር ስሆን! ሐኪም እኮ እናትሽ አይደለም።»

ሰው የገዛ ሞቱን ጠርቶ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ደብሪቱ ጨዋ ናት፣ አፏን ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። በማግስቱ ስፌቱ ለቀቀ፣ ትኩሳቱ አነደዳት። ሆዷ እንደገና ተከፍቶ መግሉ ተጠረገ። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን አልገለጠችም። ወይዘሮ አያልነሽም «መቼም ከእግዜር የታዘዘ አይቀርም» እያሉ ዘመድ ሲያጽናኑ ሰነበቱ።

ያን ጊዜ ጎሹ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ቀጭን አጥሚት በሻይ ማንኪያ ያጠጣታል። አንድ ማንኪያ ይሰጣትና ሰዓቱን ያያል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሌላ ማንኪያ። ስታስመልስ ያጥባታል፣ አንሶላውን ይለውጣል፣ ከአንድ ይጀምራል።

«ተወኝ ጎሹ፣ ልረፍበት» ትለዋለች።

«ሰው መንገድ ላይ አላራግፍም» ይላታል። «የተሳፈርሽው እስከ መጨረሻው ነው።»

ስልሳ ቀን እንዲህ ሆነ። በአውቶቡሱ ላይ ሌላ ሾፌር ተቀጠረ። በእነዚያ ስልሳ ቀናት ጎሹ አንድም ጊዜ በቅጽል ስሟ አልጠራትም። ይቅርታም አላላትም። ማንኪያውን ብቻ ያነሳል።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ጠያቂው እንደ ጎርፍ መጣ፣ ሁሉም ሳህን ይዞ። ይሁኔ፣ ዕድሜውን በሙሉ ከማንም ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጦ የማያውቀው ሰው፣ በሩ ላይ ቆመ።

«እናንተ ግቡ። ምግቡ አይገባም።»

«አንተ ባል ነህ ዘበኛ?» አሉት።

«ዛሬ ዘበኛ ነኝ።»

እሑድ እለት እድሩ በሙሉ መጣ። ወይዘሮ አያልነሽ ሳህናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው በክንዱ ሥር ሾልከው ገቡ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰባቸው፤ ሳህኑን ነጥቆ ወጣና እንጀራውን ከነወጡ ግቢው አፈር ላይ ደፋው። እንጀራ! በሰው ፊት! አቶ ተካልኝ እዚያው ቆመው ስሙን ከመዝገብ ሰረዙት።

«አንተ ስትሞት ቀባሪ አታጣም» አሉት። «ጅብ አለ።»

«እሷ ትዳን እንጂ» አለ ይሁኔ፣ በሩንም ዘጋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ጤና ይስጥልኝ የሚለው አልነበረም። እናቱ ስትሞት አስከሬኗን የተሸከሙት እሱ፣ ጎሹና ሁለት የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

ደብሪቱ በግንቦት ተቀመጠች። በሰኔ ግድግዳ ይዛ ቆመች። እግሯ እንደ ዱሮው አልሆነም፣ የምትበላውም እፍኝ አይሞላም፣ የበላችው ግን ከሆዷ ውሎ ያድራል። ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዶሮውን ራሷ ሠራች፤ በጭልፋ ቀምሳ «ጨው ይቀረዋል» ስትል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

በድግሱ ድንኳን ሦስቱ ከፊቷ ተቀመጡ።

«እኔ ባልፈርም ዛሬ የሚያጎርስ እጅ አይኖርም ነበር» አለች እታለማሁ። «እስከ ዛሬ ‹ሁለቴ ያስቀደደቻት› ይሉኛል። አጉርሺኝና ዝም ይበሉ።»

«ፊርማ አጥሚት አይሆንም» አለ ጎሹ። «ነፍሷን በማንኪያ እየቀዳሁ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ይሁኔም፣ «እናንተ ያነሳችኋትን እነዚህ በአንድ ቀን ይጨርሷት ነበር» አለ።

ዳኛውም ተነሥተው፣ «ሰማችሁ፣ ጉርሻዋን ለእሱ ከሰጠችው መሰከረችለት ማለት ነው፤ ወደ እድሩ እንመልሰዋለን። ካልሰጠችው የተሰረዘ እንደተሰረዘ ነው» አሉ። ወይዘሮ አያልነሽም በጎናቸው ሆነው ፍርዱ ትክክል መሆኑን ራሳቸውን እየነቀነቁ አረጋገጡ።

«ለሦስት ብትከፍላትስ?» ተብለው የተጠየቁት የነፍስ አባቷ፣ «ስለት አይሸራረፍም፤ አንድ ብላለች፣ አንድ ናት» አሉ።

ደብሪቱ ጉርሻዋን ጠቀለለች። ሦስት አፍ ተከፈተ። አንድ በአንድ አየቻቸው። ምን እንዳሰበች እኛ አናውቅም።

በዚህ መሀል አንድ ሰካራም ከድንኳኑ ጥግ፣ «ሦስቴ የተቀደደው የእሷ ሆድ አይደለም እንዴ? ራሷ ትብላው!» ብሎ ጮኸ። ሳቅንበት። ሰው ራሱን ያጎርሳል? ነውር የማያውቅ መሆኑን ነግረን በክብር አስወጣነው።

እጇ እንደተዘረጋ ነው። መረቁ በጣቶቿ መሀል ወደ ክንዷ እየወረደ ነው። እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ፣ ሳይቀዘቅዝ ፍረዱ፦ ጉርሻዋ ለማን ትገባለች?