ከወንዙ የተመለሰው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በክረምት ሰው ማሻገር ነው» አሉ ሽማግሌው፣ የሆስፒታል አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ሐኪሙ የሚመልሱለት አልመሰለውም ነበር። ከጠየቃቸው ቆይቷል። የጠየቀው ስለ አለባቸው ነው። አለባቸው የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ የደም ካንሰር ይዞት፣ ሐኪሙ ለሚያጠናው አዲስ መድኃኒት ወዶ ፈቅዶ የገባ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ደህና ነኝ ዶክተር፣ ወራጅ የለም» እያለ ክፍሉን ያስቅ ነበር። አፉ ውስጡን ቆስሎ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ደህና ነኝ እንዳለ ትናንት ተቀበረ። ቀደም ብሎ ቢናገር ይተርፍ ነበር።

«የአልጋ ጎረቤትዎ ነበር፤ መድኃኒቱንም አብራችሁ ነው የጀመራችሁት፤ ለምን ደበቀኝ?» ብሎ ነበር ሐኪሙ የጠየቀ።

ሽማግሌው ቀጠሉ። «ከወንዙ ወዲህ በሽታ ገብቶ ሰዉን ይፈጀዋል። ማዶው ደህና አገር ነው። ስለዚህ ወንዙ ቢሞላም መሻገር ግድ ነው። አሻጋሪው ደግ ሰው ነው፤ ደግ አይደለም አላልኩም። የሰዉን ወገብ በመጫኛ እያሰረ፣ ጫፉን ይዞ፣ አንድ አንዱን ይሰዳል። ‹እግርህ ከከዳህ ጩህ፤ እስብሃለሁ› ይላል።

«መጀመሪያ አንድ ገበሬ ገባ። መሃል ሲደርስ እግሩ ከዳውና ጮኸ። አሻጋሪው ሳበው፤ አወጣው። ይኼ መልካም። ከዚያ መጫኛውን ፈታና ‹አንተን ውሃው አልወደደህም፤ ግባ ወደ ቤትህ› አለው። ገበሬው ‹እባክህ፣ ትንሽ ከፍ ብዬ ልሞክር› ብሎ ለመነ። ‹የመሻገሪያው ሥርዓት አይፈቅድም› አለው። ገበሬው ልብሱን ጨምቆ ወደ በሽታው አገር ተመለሰ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጀርባውን አየ።»

ሳል አቋረጣቸው።

«ከዚያስ?» አለ ሐኪሙ።

«ከዚያማ ማን ይጮኻል? አሻጋሪው ከዳር ሆኖ ‹እንዴት ነው?› ይላል፤ ‹ደህና ነው› ይሉታል። ውሃው ደረት ላይ ደርሶ ደህና ነው። አገጭ ላይ ደርሶ ደህና ነው። አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም እየቀለደ ነው የገባ። አሻጋሪው ነገሩን ያወቀው ውሃው ጎረምሳውን ነጥቆት መጫኛው እጁ ላይ ሲቀልለት ነው። ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ‹ጩሁ ብዬ ነበር እኮ፤ ለምን ደበቁኝ?› አለ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሐኪሙ መለሱ።

«አሻጋሪው አንተ ነህ ልጄ። ገበሬው ያ እዚህ አብሮን የነበረው አናጢ ነው። ‹ጣቴ ደነዘዘብኝ፣ እግሬም መሬት አይሰማው› ብሎ እውነቱን ነገረህ። አንተም መድኃኒቱን አቆምክበት። ሻንጣውን ሲሸክፍ ሁላችንም አልጋችን ላይ ሆነን አየነው። አለባቸውም አየ። አገሩ ገብቶ በሕይወት እንዳልቆየም ሰማን። ጎረምሳውን አንተው ታውቀዋለህ።»

«ያቆምኩት እንዳይጎዳ ብዬ ነው፣ አባባ። ጥናቱም ሕግ አለው። ጉዳት የታየበት ሰው መቀጠል አይችልም።»

«አይጎዳ ማለትህ ደግ። ሌላ የምትሰጠው ነበረህ?»

ሐኪሙ አልነበረውም። አናጢውን በር ድረስ ሸኝቶ «አይዞህ» ብሎታል፤ የሰጠው እሱን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ውሃ ሊጠጡ ኩባያውን አነሱ። ያነሱት በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ነው፤ ጣቶቻቸው አልታጠፉም። ውሃው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ። የጣቶቻቸውን ጫፍ አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገ። ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ፤ የተነኩም አይመስሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላቸው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

እጃቸውን አላስለቀቁም።

«እኔ አልጮህኩም፤ አንተ ነህ ያየኸው» አሉት። «እንግዲህ መሃል ወንዝ ላይ ነኝ። ልመልስህ ካልክም ትመልሰኛለህ፣ መጫኛው ባንተ እጅ ነው። ግን ቀድመህ ንገረኝ፤ የምትመልሰኝ ወዴት ነው?»